መበለቲቱና የስፌት መኪናዋ

በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን በየገበያ ማዕከሉ ሲዘዋወሩ «ሌን ብራያንት» የሚል የሴቶች ልብስ መደብር ስም ሳያጋጥማቸው አይቀርም። ሞላ ያለ ሰውነት ላላቸው ሴቶች የሚሆን ልብስ የሚሸጥበት መደብር ነው። እኔም ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁ ዕለት ሌን ብራያንት አንድ ሱፍ የለበሰ፣ የሰዓቱን ሰንሰለት በሰደርያው ላይ ያንጠለጠለ ነጋዴ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ስሙ የአንዲት ስደተኛ መበለት መሆኑን፣ ያውም በባንክ ቅጽ ላይ በስሕተት የተጻፈ ስሟ መሆኑን ሳውቅ ታሪኳን እየተከታተልሁ ማንበብ ጀመርሁ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የታሪኩ ውበት ብቻ አይደለም። ስለ ሴት ነጋዴ በተነሣ ቁጥር የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ አለ። ባሏ ሞቶባት በመርፌዋ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በየሰፈሩና በየዘመኑ ሞልታለች። መርፌዋ ወደ ድርጅት የተለወጠላት ግን ከስንት አንዷ ናት። ለምን? ለዚህ የተለመዱ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው የሥልጠና አዳራሽ መልስ ነው፤ ትጋት፣ ቁርጠኝነት፣ ራእይ ይልና ያጨበጭባል። ሁለተኛው የዚያ ትውልድ መልስ ነው፤ ሱቅ ያላት ሁሉ ንዑስ ከበርቴ ናት፣ ካደገች ደግሞ በዝባዥ ናት ይልና መዝገቡን ይዘጋል። ሁለቱም መልሶች ሴትዮዋን በቅርብ ከመመልከት ያሳርፉናል። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልሁት በእኛ አቆጣጠር፣ የቀረው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ሌና ሂመልስታይን የተወለደችው በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር በነበረችው ሊትዌንያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። እናቷ የሞተችው እርሷ ገና ጨቅላ ሳለች በመሆኑ ያደገችው በዘመድ እጅ ነበር። በ1895 በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሳለች ቀድማት ወደሄደችው እህቷ ወደ ኒውዮርክ ተሻገረች። የመርከብ ጉዞዋን የከፈሉላት ሰዎች ለልጃቸው ሊድሯት አስበው ኖሮ፣ ልጁን አይታ «አይሆንም» አለች ተብሎ ይተረካል። ቋንቋ ለማታውቅ፣ ገንዘብ ለሌላት፣ ገና ከመርከብ ለወረደች ልጃገረድ ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ከዚያ በኋላ የገባችበት ሥራ የሴቶች የውስጥ ልብስ በሚሰፋበት ቤት በሳምንት አንድ ዶላር ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ እጇ ተፍታትቶ፣ ማሽኑንም ተምራ፣ ሳምንታዊ ገቢዋ አሥራ አምስት ዶላር ደረሰ።

በ1899 ዴቪድ ብራያንት የተባለ፣ እንደ እርሷ ስደተኛ የሆነ የጌጣጌጥ ነጋዴ አገባች። ለሠርጋቸው የአልማዝ ጉትቻ ሰጣት። ወዲያው ራፋኤል የተባለ ወንድ ልጅ ተወለደ። ልጁ ክፉና ደጉን ሳይለይ አባቱ ሞተ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ባሏ የሞተባት ድሃ እናት ከመንግሥት የምታገኘው መደበኛ ድጋፍ አልነበረም። ለእንዲህ ያሉ እናቶች ጡረታ መሰል ክፍያ በሕግ የተወሰነው በኢሊኖይ በ1911፣ በኒውዮርክ ደግሞ በ1915 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ መበለቶች ልጃቸውን ወደ ሕጻናት ማሳደጊያ ወስደው እያስረከቡ፣ እነርሱ ሰው ቤት ወይም ፋብሪካ ይገቡ ነበር። ልጁ ወላጅ አልባ ሆኖ ሳይሆን እናቱ ድሃ ስለሆነች ብቻ ማሳደጊያ ይገባል። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሣ በ1909 በዋሽንግተን በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጋባዥነት የተሰበሰበ ጉባኤ፣ ሕጻን ልጅ በድህነት ምክንያት ብቻ ከእናቱ ቤት መውጣት የለበትም ብሎ እስከ መወሰን ደርሷል። እንግዲህ ሌና በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ የቆመችበት መንታ መንገድ ይህ ነበር፤ ልጇን ሰጥቶ ወደ ፋብሪካ መመለስ፣ አለዚያም ልጇን ታቅፋ ቤቷ ውስጥ የምትሠራውን ሥራ መፈለግ።

በነገራችን ላይ በእኛ ቋንቋ «መበለት» የሚለው ቃል የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ጾምና ጸሎት፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ ከዓለም መራቅ ይታየናል። ባል የሌላት ሴት ነግዳ፣ ለብሳ፣ ቤት ከፍታ ስትታይ ግን ሌላ ቃል ተዘጋጅቶላታል። «ጋለሞታ» ባል የሌላትን ሴት ሲያመለክት የኖረ ቃል ነበር፤ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። አንድ ቃል ከኑሮ ሁኔታ መጠሪያነት ተነሥቶ ስድብ እስኪሆን የተጓዘበት መንገድ ራሱን የቻለ የማኅበራዊ ታሪክ ሰነድ ነው።

ወደ ሌና እንመለስ። የሠርጓን ጉትቻ መያዣ ሰጥታ በተበደረችው ገንዘብ ለአንድ ሲንጀር የስፌት መኪና የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈለች። ቀሪውን በየጊዜው ልትከፍል ተስማማች። ስለ እርሷ የሚጽፉ ሁሉ ጉትቻውን ይወዱታል፤ ልብ የሚነካ ነውና። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ «ቀሪውን በየጊዜው» የሚለው ነው። የሲንጀር ኩባንያ ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በዱቤ፣ በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በዚያ ዘመን ባንክ ፊቱን የሚያዞርባት ድሃ ሴት ብድር ያገኘችው ከስፌት መኪና ሻጭ ነው። መኪናውን ዛሬ ትወስዳለች፣ መኪናው ራሱ ሠርቶ ዕዳውን ይከፍላል። የመያዣ ሱቁና የሲንጀር ወኪል ተጋግዘው ለሌና የመጀመሪያው ባንክ ሆኑላት። ወለዱ ርኅራኄ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ በሩ ግን ክፍት ነበር።

ሲንጀር ወደ እኛም ሀገር ገብቷል። የገባው ግን ወደ ማን እጅ ነበር? በመርካቶና በየከተማው በረንዳ ላይ መኪናውን እግሩ ሥር አድርጎ ሲረግጥ የኖረው ልብስ ሰፊ ወንድ ነው። ከዚያ በፊትም ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሴቲቱ ፈትሉን ትጨርሳለች፣ ሸማው በሸማኔው ስም ይጠራል። ሸማኔው በበኩሉ በጨዋው ዘንድ የተናቀና የሚሰደብ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሙያው ራሱ በተናቀበት ሀገር ሙያተኛዋ ሴት ምን ቦታ ሊኖራት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህን የማነሣው ሁለቱን ሀገሮች በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ አይደለም። አንድ ዓይነት መኪና በሁለት ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት የተለያየ ታሪክ እንደሚሠራ ለማስታወስ ያህል ነው።

ሌና መጀመሪያ በመኖሪያ ቤቷ ሆና ለሙሽሮች የውስጥ ልብስና የቤት ቀሚስ ስትሰፋ ቆይታ፣ በ1904 በፊፍዝ አቬኑ ላይ አንዲት ሱቅ ተከራየች። ፊፍዝ አቬኑ ሲባል የቢሊየነሮቹ ሠፈር የመሰለው አንባቢ ካለ ይረጋጋ፤ ሱቋ ከዚያ በጣም ወደ ሰሜን ርቆ፣ በ120ኛው ጎዳና አጠገብ፣ በሐርለም ነበር። ኪራዩ በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከጀርባው እርሷና ልጇ የሚያድሩበት ክፍል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቡቲክ፣ ስንት ሻይ ቤት በዚሁ ሥርዓት እንደተጀመረ ያየ ሰው ይህን ክፍል በዓይነ ኅሊናው ለመሳል አይቸገርም፤ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምድጃና አልጋ፣ ደንበኛ ስትገባ ዝም የሚባል ልጅ።

ሥራው ሲሰፋ ጨርቅ መግዣ አስፈለጋት። አማቿ 300 ዶላር አበደሯት። ገንዘቡን ይዛ ባንክ ቤት ሄደች፤ በስሟ ሂሳብ ስትከፍት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እጇ እየተንቀጠቀጠ ቅጹን ስትሞላ «ሌና» ለማለት «ሌን» ብላ ጻፈች፤ በእንግሊዝኛው ሁለት ፊደላት ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ስሕተቱን ስታውቅ ተመልሳ «ይታረምልኝ» ለማለት አፈረች። ድርጅቱም ሌን ብራያንት ሆኖ ቀረ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለፈገግታ ይነገራል። እኔ ግን ሳነበው ፈገግ ማለት አልሆነልኝም። የሠርግ ጉትቻዋን አስይዛ ለመጀመር ያላፈረች፣ የታጨላትን ባል ዐይን ለዐይን አይታ «አይሆንም» ያለች ሴት፣ ከባንክ ጸሐፊ መስኮት ፊት ስትቆም ግን የገዛ ስሟን ማስተካከል አቃታት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የባንክ መስኮት ፊት ቆሞ የሚያውቅ ድሃ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ሆኖም ልብ በሉ፤ ሂሳቡ በስሟ ተከፍቷል። የእንግሊዝ የቆየው ልማዳዊ ሕግ ያገባችን ሴት ከባሏ ጋር አንድ ሰው አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ባልየው ነው። ንብረቷ የእርሱ፣ ውሏም ያለ እርሱ የማይጸና። ኒውዮርክ ይህን ሥርዓት በ1848 ባወጣችው ሕግ ላላ አደረገችው፤ በ1860 ደግሞ ያገባች ሴት በንግዷና በጉልበቷ ያገኘችው ገንዘብ የራሷ እንዲሆን ደነገገች። ከዚያ በፊት በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ሆና የምትዋዋለው ያላገባችው ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ነበረች። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የቀደምት ሴት ነጋዴዎች ታሪክ ሲገለጥ መበለቶች በርከት የሚሉት ብልኅነት ከባል ሞት ጋር ስለሚመጣ አይደለም፤ ሕጉ እንዲፈርሙ የፈቀደላቸው እነርሱን ስለነበር ነው። ሌና ከዚህ ሁሉ ትግል በኋላ መጣች። ሁለት ትውልድ አስቀድሞ ስሟን እንኳ የማታውቃቸው ሴቶች ለፊርማዋ ታግለውላታል።

ብድሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ባንኩ ገንዘቧን ተቀበለ እንጂ ገንዘብ አላበደራትም። 300 ዶላሩ የቤተሰብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አበዳሪ በጾታና በትዳር ሁኔታ እንዳያበላልጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1974 ነው፤ ለንግድ ብድር የምታመለክት ሴት ወንድ ዘመድ እንዲፈርምላት የሚጠይቁ የየክፍለ ግዛቱ ሕጎች የተሻሩት ደግሞ በ1988 ነው። አማች የሌላት ሌና ምን ትሆን ነበር? የእኛ እናቶች ለዚህ ጥያቄ ዕቁብ የሚባል መልስ አበጅተውለት ኖረዋል። በነገራችን ላይ ሌና ሱቋን በከፈተችበት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአቢሲንያ ባንክ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ ወደ ሱቋ ገብታ፣ እንግዳ ስትቀበል የማታሳፍራት፣ የማያስጨንቃትም ልብስ እንድትሠራላት ጠየቀቻት። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ተራ ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን ግን ደኅና ኑሮ ያላት ነጭ ሴት ሆዷ ገፍቶ በአደባባይ መታየት አልነበረባትም። «እርጉዝ» የሚለው ቃል ራሱ በጨዋ ሰዎች ፊት አይነገርም። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ቤት ውስጥ መቀመጥ፣ መጋረጃ ማውረድ፣ «ጥቂት አሞኛል» ማለት ነበር ሥርዓቱ። ከሱቅ ተሰፍቶ የሚሸጥ የነፍሰ ጡር ልብስ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሌና ወገቡ በላስቲክ የተያያዘ፣ ከወገብ በታች ፕሊሴ የሆነ ቀሚስ ሰፋችላት። ሆድ ሲገፋ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ እጥፋቱም ይከፈታል። ወሬው ከሴት ወደ ሴት ተዛመተ። ቀጥሎ ደግሞ በዚሁ ዘዴ ለቤት ብቻ ሳይሆን ለመንገድ የሚሆን ልብስ ማዘጋጀት ጀመረች። ትልቁ ድፍረት እዚህ ላይ ነው። ለመንገድ የሚሆን የነፍሰ ጡር ልብስ መሥራት ማለት ነፍሰ ጡር ሴት መንገድ ላይ ትወጣለች ብሎ ማሰብ ነው። ድሆቹ እስከ ምጣቸው ቀን ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ እንደነበር መቼም አይዘነጋም፤ ክልከላው የባለጠጎችና ባለጠጋ ለመምሰል የሚጣጣሩት መካከለኞች ክልከላ ነበር።

ልብሱ ተሠራ፣ ሴቶቹም ይፈልጉታል። ታዲያ እንዴት ይሰሙ? ጋዜጦች ማስታወቂያውን አናትምም አሉ። ነውር ነው። እነዚሁ ጋዜጦች የነፍስ ግድያና የፍቺ ክርክር ዝርዝር በፊት ገጻቸው ላይ ከማውጣት ያልተመለሱ ናቸው፤ የሚያሳፍራቸው ግን የእናትነት ቀሚስ ሆነ። ለዓመታት ንግዱ በአፍ ወሬ ብቻ ቆየ። በ1911 «ኒውዮርክ ሄራልድ» ማስታወቂያውን ለማተም ተስማማ። ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ያለው ልብስ ሁሉ ተሸጦ አለቀ።

ይህን ሁኔታ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ገዢውም ሻጭዋም ቀድሞውኑ ነበሩ። የጎደለው አንድ ነገር፣ በይፋ የመናገር ፈቃድ ነበር። የከለከለውም ሳንሱር ቢሮ አይደለም፤ ሕግም አልወጣም። የጋዜጣ አዘጋጆች ይሉኝታ ብቻ ነው። ስለ ፕሬስ ነጻነት ስንጽፍ ዘወትር የምናስበው ስለ ርእሰ አንቀጽና ስለ ታሰረ ጋዜጠኛ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ሕትመት የተዘጋበት ገበያም አለ፣ ስሙ እንዳይጠራ በመደረጉ ብቻ እንደሌለ የሚቆጠር ችግርም አለ። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በጥቁር ፌስታል ውስጥ ተደብቆ በሚሸጥበት ሀገር ያደገ አንባቢ ነገሩን ከእኔ በላይ ሊያስረዳኝ ይችላል።

ያው 1911 ሌላም ነገር የሆነበት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን በዚያው በኒውዮርክ፣ ትራያንግል በተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ። አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከበሮቹ አንዱ ተቆልፎባቸው ነበር። ሌና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የሠራችው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። ከሊትዌንያ የመጣች፣ ስፌት የምታውቅ ሴት ነበረች። አንዷ ማስታወቂያ አሳትማ ሱቋን ባዶ ባደረገችበት ዓመት ሌሎቹ በመስኮት ዘለሉ። የትጋት ሰባኪዎች ይህን እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። በዚያ እሳት የሞቱት ልጃገረዶች ከሌና ያነሰ ትጉ እንደነበሩ የሚነግረን ማስረጃ የለም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሌና በ1909 ሁለተኛ ባል አግብታለች። አልበርት ማልሲን ይባላል፤ እርሱም ከሊትዌንያ የመጣ፣ በሙያው መሐንዲስ ነው። የሥራ ክፍፍላቸው ግልጽ ነበር፤ ልብሱን እርሷ ትነድፋለች፣ ገንዘቡንና አመራረቱን እርሱ ይይዛል። ልብሱ አንድ በአንድ መሰፋቱ ቀርቶ በብዛት እንዲመረት፣ ለሱቅ መምጣት ለምታፍር ሴት ደግሞ በፖስታ ታዝዞ እንዲላክላት ያደረገው እርሱ ነው። ፖስታው ትልቅ ዘዴ ነበር፤ ደንበኛይቱ ከማንም ጋር ዐይን ለዐይን ሳትተያይ የምትፈልገው ልብስ ቤቷ ይደርስላታል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የሌናን ዝና ላለመቀነስ ሲሉ አልበርትን በሁለት መስመር ያልፉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ለእርሱ ሊሰጡት ይፈልጋሉ። ሁለቱም ልክ አይመስለኝም። እርሱ ሲመጣ ሱቁም፣ ስሙም፣ ላስቲኩም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር።

አልበርት የመሐንዲስ ነገር ሆኖበት ሁሉን በልክ ማየት ይወድ ነበርና፣ ወፍራም ሴቶች ለምን የሚሆናቸው ልብስ እንደማያገኙ ለማወቅ መለካት ጀመሩ። ወደ 4,500 የሚሆኑ የራሳቸውን ደንበኞች ለኩ፤ ከአንድ የሕይወት መድን ድርጅት ደግሞ የ200,000 ያህል ሴቶች የሰውነት መጠን መረጃ አገኙ። የፋሽኑ ዓለም ልብስ የሚነድፈው ለቀጭኗ ነው፤ ልብሱ የማይሆናት ሴት ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ይነገራታል። እነርሱ ግን ቆጥረው አዩ፤ ገበያው «የተለየች» የሚላት ሴት እጅግ ብዙ ሆና ተገኘች። በ1917 የድርጅቱ ሽያጭ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የኒውዮርክ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙትም በዚያው በ1917 ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ያን ሁሉ ስትቀጥር፣ ስትገዛ፣ ስትሸጥ፣ ግብር ስትከፍል የምርጫ ካርድ በእጇ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ይህን ታሪክ እያነበብሁ ሳለ አእምሮዬ ወደ ሀገሬ መሄዱን አልደብቅም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በጊዜው ብዙ የተመሰገነ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ መሆኑንና ሚስት ልትታዘዘው እንደሚገባ በግልጽ ደንግጎ ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለ መበለት ደግሞ ሕጉ ጨከን ይላል። ባል ሳይናዘዝ ቢሞት ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ በሕግ ወራሽ አይደለችም፤ የእርሱ ድርሻ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹ፣ ከዚያም ለወንድምና እህቶቹ ይሄዳል። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። ባልና ሚስት አብረው ያቆሙት ቡቲክ ቢኖር በሐዘኑ ማግስት የባል ወንድም መጥቶ መደርደሪያ ሊያስቆጥር ይችላል ማለት ነው። ሌና አልማዙን ማስያዝ የቻለችው ጉትቻው የእርሷ ስለነበር ነው።

ይህንንም ሁሉ አልፋ የነገደች ሴት አልጠፋችም። አብዮቱ ሲመጣ ግን ሌላ ጣሪያ ተሠራላት። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ችርቻሮ ነጋዴ ካፒታሉ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጅምላ 300,000፣ ኢንዱስትሪ 500,000። አንድ ሰው አንድ ፈቃድ። በዘመኑ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ስለነበር የችርቻሮው ጣሪያ 100,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። የአዋጁ አርቃቂዎች ያሰቡት ትልልቆቹን ነጋዴዎች ለመግታት ነው ይባል ይሆናል። ትልልቆቹ ግን አስቀድመው በወጡት አዋጆች ተወርሰው ነበር። ጣሪያው የወደቀው ገና ወደ ላይ በምታድግ ሰው ራስ ላይ ነው። ሁለተኛ ሱቅ ልክፈት የምትል ሴት ወንጀለኛ ልትሆን ነው። ስለዚህ ትርፍ ያገኘች ሴት ገንዘቧን ወርቅ ገዝታ አንገቷ ላይ አሰረችው። ሌና ጌጧን ወደ መኪና ለወጠች፤ የእኛዋ መኪናዋን ወደ ጌጥ ለወጠች። ጣሪያው እስከ 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ውሳኔ ድረስ ጸንቶ ቆየ፤ አሥራ አራት ዓመት ማለት አንዲት ወጣት መበለት አርጅታ ባትጨርስም የምትደክምበት ዕድሜ ነው።

የዚያ ትውልድ ወዳጆቼ ይህን ሲያነቡ «አንተ ለካፒታል ጠበቃ ቆምህ ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለእነርሱ የምነግራቸው ሌላ ነገር ስላለኝ እቀጥላለሁ። ሌን ብራያንት ሲያድግ ለሠራተኞቹ የሕይወት መድን፣ የጡረታና የትርፍ ተካፋይነት ሥርዓት ካበጁት ቀደምት የችርቻሮ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል፤ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥም ሩቡ ለሠራተኞች ተለይቶ ቀርቧል። በአደጋ ልብሷ የወደመባት ደንበኛ ካለች ድርጅቱ በነጻ ይተካላት ነበር። በ1947 በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ታላቅ ፍንዳታ ደርሶ ከተማዋ በነደደች ጊዜ ድርጅቱ በፖስታ ያዝዙት የነበሩትን የዚያች ከተማ ደንበኞቹን ከመዝገብ ፈልጎ ልብስ ልኮላቸዋል። በሳምንት አንድ ዶላር የተከፈላት ልጅ ይህን ሁሉ ያደረገችው ከደግነት ይሁን ከንግድ ብልኅነት ለመለየት አልሞክርም፤ ምናልባት እርሷም አልለየችውም።

አልበርት በ1923 ሞተ፤ የዚያ ዓመት ሽያጭ አምስት ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ሌና ሁለተኛ ጊዜ መበለት ሆነች። ከጊዜ በኋላ የድርጅቱን አመራር የያዘው ያ ከመጋረጃ ጀርባ ዝም ይባል የነበረው ልጅ፣ ራፋኤል ነው። እርሷ በ1951 እስክትሞት ድረስ ከሥራው ሙሉ በሙሉ አልራቀችም።

ስለ አዋጅ ቁጥር 76ና በእርሱ ምክንያት ስለተዘጉት የአዲስ አበባ ሱቆች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የእናቱ ወይም የአክስቱ የንግድ ፈቃድ በመሳቢያ ውስጥ የቀረለት አንባቢ ካለ ታሪኩን ቢልክልኝ በደስታ እቀበላለሁ።

ቸር እንሰንብት።